ማሚት የሚባለው ጊታር

«…አሁን የምትሰሙት ሆድ የሚያባባ ድምፅ ማሚት ከሚባለው ጊታር የሚወጣ ነው። ማሚት ስትገባ ዝም ብላችሁ ስሟት!»

ሂባ ፓስቲዋን አፏ አጠገብ እንዳደረሰች ቀጥ ብላ ቀረች።

ድምፁ የሚመጣው ከሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ከተሰቀለው ሞንታርቦ ነው። የረፍት ሰዓት ስለሆነ ግቢው በተማሪ ተሞልቷል፤ የሚሯሯጠው ይሯሯጣል፣ የሚበላው ይበላል፣ የሂሳብ የቤት ሥራ የሚገለብጠው ጥግ ይዞ ይገለብጣል። ተናጋሪዋ ሊዲያ ናት። የሊዲያን ድምፅ ማንም አይስተውም፤ ጥርት ያለ የዜና አንባቢ ድምፅ ነው ያላት። ቃሉ ግን የሊዲያ አይደለም። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የሂባ ነው። «ሆድ የሚያባባ» ያለችው ሂባ ናት። «ዝም ብላችሁ ስሟት» ያለችውም ሂባ ናት። ማሚት ደግሞ፣ ማሚትማ የሂባ ቤት ጉዳይ ናት!

«እንዴ!» አለች ለብቻዋ። 

ሙዚቃው ተለቀቀ። ካንትሪ ነው። ረጋ ያለ ምት፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ፣ ከዚያ ከዘፋኙ ኋላ ያቺ ከታች ተነሥታ እየተንሸራተተች ወደ ላይ የምትወጣ ድምፅ ገባች። ሂባ ይህን አልበም በቃሏ ታውቀዋለች። ዘፋኙ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚስብ እንኳን ታውቃለች።

«ሦስቱንም አልበሞች በክበባችን የቴሌግራም ቻናል እንለቅላችኋለን» አለች ሊዲያ ሙዚቃው ሲቀንስ። «መርጬ ያቀረብኩላችሁ እኔ ሊዲያ ነበርኩ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሁለት የአሥረኛ ክፍል ልጆች «ማሚት! ማሚት!» እያሉ ያፏጩ ጀመር።

ነገሩ ቀላል ነበር። የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የሚመሩት የእንግሊዝኛ አስተማሪው ቲቸር ገብረሃና ለዓርብ የሙዚቃ ሰዓት አዲስ አቅራቢ ይፈልጋሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ሁለት ልጆች ተመዘገቡ፤ ሊዲያና ሂባ። እያንዳንዳቸው አንድ የረፍት ሰዓት ተሰጣቸው፤ የወደዷቸውን አልበሞች ለተማሪው ይጋብዛሉ፤ የተሻለችው ትመረጣለች። ዛሬ ረቡዕ የሊዲያ ተራ ነው። ዓርብ የሂባ። ሂባ ያዘጋጀችው ደግሞ እነዚሁኑ ሦስት አልበሞች፣ በእነዚሁ ቃላት ነው። እንግዲህ ዓርብ ወጥታ ብታቀርባቸው ቀጂ የምትባለው ማን ናት? እሷው ራሷ!

እንደ ሂባ ቤት ካንትሪ የሚሰማበት ቤት መኖሩ ያጠራጥራል። አባቷ ሙሐሲን የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሌላው ሹፌር የፈለገውን ይክፈት፣ የሙሐሲን ታክሲ ውስጥ ከካንትሪ በቀር አይሰማም። አንዳንዱ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትወስደን?» ይለዋል። እሱም «ወንድሜ፣ የከፈልከው ለመንገዱ ነው፤ ሙዚቃው ምርቃት ነው» ብሎ ድምፁን ይጨምራል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም። የሚወደው ያንን የሚንሸራተተውን ጊታር ነው።

ማሚት የምትባለዋ ስም የመጣችው ካዛንቺስ ሳሉ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አብረዋቸው የሚኖሩ እትዬ ማሚት የሚባሉ ጎረቤት ነበሯቸው። ልጃቸው ታዲዎስ ኳስ ካየ ቤት አያውቅም። ሲመሽ እትዬ ማሚት በሩ ላይ ይቆሙና «ታዲ…ዎ…ስ!» ብለው ይጣራሉ። ድምፃቸው ከታች ይነሣል፣ እየሳበ እየሳበ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ይወርዳል። አንድ ምሽት ሙሐሲን ሚኒባሱን እያጠበ ካንትሪ ከፍቶ ሳለ ያ ጊታርና እትዬ ማሚት እኩል ተጣሩ። እኩል! አንዱ ከሌላው አይለይም። ሙሐሲን ጨርቁን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጊታር በገባ ቁጥር «ይኸው፣ ማሚት መጣች!» ይላል። ሂባም እንደዚያው።

ኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። እነ ሂባ ቄራ ቤት ተከራዩ፤ ለእትዬ ማሚት ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ግቢው፣ በሩ፣ የሚታጠበው ሚኒባስ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ መንገድ ሆነ። ሂባ ካዛንቺስ ሲናፍቃት የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋቢና ገብታ ከአባቷ ጎን ትቀመጥና ማሚት እስክትመጣ ትጠብቃለች።

ሊዲያ የካዛንቺሱን ግቢ አላየችውም። ዘንድሮ ነው ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረችው። ቤቷ ወሎ ሰፈር ነው። አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ፣ ተግባቡ፣ በቃ ጓደኛ ሆኑ። አንዳንድ ቀን ሙሐሲን ከኡራኤል ሲያነሣቸው ሁለቱም ጋቢና ይገባሉ። «ማሚት መጣች!» ሲባል ሊዲያም ትስቃለች። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ ሂባም ሳይጠየቅ የሚነገር አልመሰላትም።

ሂባ ማይክ ትፈራለች። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ስልክ ስታነሣ «አንተ ማነህ?» የሚሏት አሉ። ስለዚህ ለዓርብ የምትለውን ማታ ማታ በቮይስ እየቀዳች ለሊዲያ ትልክላት ነበር። «ይሄኛው ይሻላል? እዚህ ጋ ፈጠንኩ እንዴ?» ሊዲያም ትመልስላታለች፤ «አሪፍ ነው ሂቡዬ፣ ከምር!» ይኸው፣ አሪፍነቱን ዛሬ ተማሪው ሁሉ ሰማው።

ሊዲያ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ስትወጣ ልጆች ከበዋት ነበር። ሂባን ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ወዲያው ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ሌላ ዓይነት ሳቅ ነው።

«ሂቡዬ! ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«ነይ እስቲ ወደዚህ።» ክንዷን ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻት። «በናትሽ ሳትቆጪ ስሚኝ። ማለቴ… የኮሪያ ዘፈን እንደነበር ያዘጋጀሁት ታውቂያለሽ። ጠዋት ለቲቸር ሳሳያቸው ባለፈው ሳምንት ኮሪያ ቀርቧል፣ ሌላ አምጪ አሉኝ። ሌላ ከየት ላምጣ? ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ያንቺ ነበር። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰለሽ! አልበሞቹን ከኢንተርኔት አወረድኩ፤ ቃሉ ደግሞ፣ በቃ፣ አፌ ላይ መጣ።»

«አፌ ላይ መጣ?»

«አንቺ ደግሞ እንደማትወጪ ነው የነገርሽኝ። 'ዓርብን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል፣ የምቀር ይመስለኛል' አላልሽኝም? የምትቀሪ መስሎኝ ነው፣ ማርያምን!»

ሂባ ይህን ብላለች። እውነት ነው። ያለችው ግን ለሊዲያ ብቻ ነው፤ «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» እንድትላት። ሊዲያም «አይዞሽ» ብላት ነበር። ሂባ አሁን ስታስበው ያ «አይዞሽ» ራሱ አስጠላት።

«ደግሞ መፍትሔ አለው እኮ» አለች ሊዲያ ፈጠን ብላ። «አብረን ነን እንበላቸው! አንቺ ትመርጫለሽ፣ ትጽፊያለሽ፤ እኔ አነባለሁ። ድምፅሽ እኮ… አትቀየሚ እንጂ ትንሽ ይጎረንናል። ሁለታችን ከሆንን ፏ ይላል!»

የሚገርመው፣ ሂባ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። ዓርብ ማይክ ፊት አለመቆም!  ወዲያው በራሷ ተናደደች።

«ማሚትንስ ለምን ነገርሻቸው?»

«ምኑን? የመሣሪያውን ስም?» ሊዲያ ግራ ገባት። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ስሙ አይደል እንዴ?»

ሂባ አየቻት። ልጅቷ ከምሯ ነው! ማሚት ማለት እንደ ክራር፣ እንደ ማሲንቆ የመሣሪያ ስም መስሏታል። ሂባ ልትነግራት አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ዓርብ ይሁን። ዓርብ በሞንታርቦ፣ ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት። «የአዋቂ ተብዬዋ ጊታር የጎረቤታችን ስም ነው» ብላ ታፈነዳዋለች፤ ከዚያ ማን ቀጂ እንደሆነ ይታያል።

«ምንም ችግር የለውም» አለችና ጥላት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ማሚት ክፍል ውስጥም ገባች። መብርሃቶም የሚባል ቀልደኛ አለ። የባዮሎጂ ፈተና ተመልሶ አንዲት ልጅ በውጤቷ ስታለቅስ «ኧረ ማሚት ለቀቀች!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ያኮረፈ ሁሉ «ማሚት አታድርግብን» ይባል ጀመር። ቀን ገብታ ማታ አራዳ የሆነች ቃል ማለት ይህች ናት። ሂባ ዴስኳ ላይ አቀርቅራ ተቀመጠች። ከጎኗ ሊዲያ አብራ ትስቃለች።

ማታ አባቷ ሲገባ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ሙሐሲን ጫማውን እያወለቀ ሰማት፤ «ማሚት የሚባል ጊታር» የሚለው ጋ ስትደርስ አላስቻለውም። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«አባ! አንተም?»

«ያ አላህ! ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ጊታር! እትዬ ማሚት!» ዓይኑን ጠረገ። የሷን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «እሺ፣ እሺ። ለአስተማሪሽ ለምን ቮይሱን አታሰሚያቸውም? ድምፅሽ አይደል? ቀኑም ተጽፎበታል። አለቀ!»

ይህን እስካሁን አለማሰቧ! ሂባ ስልኳን አነሣች፣ ቴሌግራም ገባች፣ የሊዲያን ስም ነካች። መልእክቶቹን ይዛ ወደ ላይ ሄደች። አሁንም ወደ ላይ። «አሪፍ ነው ሂቡዬ፣ ከምር!» የሚለው የሊዲያ መልስ አለ። ሌላም መልስ አለ። መልስ ብቻ። የሂባ ቮይሶች የሉም፤ አንዱም። ሊዲያ ከሁለቱም ስልክ አጥፍታቸዋለች።

ሂባ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የጠዋቱን፣ ድንጋጤ ነው ብላ ልታልፈው ትችል ይሆናል፤ ሰው ሲጨንቀው አፉ ላይ የመጣውን ይላል። ይህ ግን አፍ ላይ የመጣ አይደለም። እየነኩ፣ እየመረጡ፣ አንድ በአንድ ያጠፉት ነው። ምናልባትም እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ እየሳቀች።

«ከዳችኝ፣ አባ» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሙሐሲን ከጎኗ ተቀመጠና ትከሻዋን አቀፋት።

«ለእትዬ ማሚት እንደውልላቸው» አለ ቆይቶ። «ድምፃቸውን ከሰማን ቆየን። ትንሽ ይቀልሻል።»

እትዬ ማሚት ስልኩን አንሥተው መጀመሪያ ሙሐሲንን ስለጠፋበት ወቀሱት፤ ቀጥለው የሂባን ቁመት፣ ክፍልና ጤና ጠየቁ። «እኛ ደህና ነን፣ ፎቁን ለመድነው። ታዲዎስ? አሁንማ ስልክ ገዛለት አጎቱ። እደውላለሁ፣ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ብጣራ ጎረቤቱ እብድ ናት አይለኝም?»

ሙሐሲን የእትዬ ማሚት ስም ትምህርት ቤት ውስጥ በድምፅ ማጉያ መጠራቱን ነገራቸው። ቀለል አድርጎ፣ እንደ ቀልድ።

«ስሜ? እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

ሙሐሲን ስልኩን ለሂባ ሰጣት። ሂባ እየተንተባተበች የጊታሩን ነገር አስረዳቻቸው። እንዲስቁ ጠበቀች። እትዬ ማሚት ግን አልሳቁም።

«እኔ ልጄን ስጠራ ትስቁብኝ ነበር ማለት ነው?»

«አይ! እትዬ፣ ወላሂ እንደዚያ አይደለም! ደስ ስለሚለን ነው። ማለቴ… የሚያምር ድምፅ ነው። ካዛንቺስን ያስታውሰናል።»

«ታዲያ ለኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ሂባ አባቷን አየችው፤ እሱም ጣራውን ያያል። ቤት ውስጥ ስትነገር የኖረች ስም ናት፤ ባለቤቷን መጠየቅ ግን ለሁለቱም ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ።

«አይ እናንተ! በሉ ይሁን።» ድምፃቸው ሞቅ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። «ስሜ ከወጣ ወጣ። ግን ሰው መሆኔን ንገሪያቸው እንጂ ልጄ። እንዴት እንደ ዕቃ እጠራለሁ?»

ዓርብ ጠዋት ቲቸር ገብረሃና ሂባን አስጠርተው በፍላሽ ያመጣቻቸውን ሙዚቃዎች ከፈቱ። ትንሽ ሰሙና ዞረው አዩዋት።

«ሂባ፣ ይሄ ሊዲያ ያቀረበችው አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ቲቸር።»

«ታዲያ? ኮፒ እኮ አንቀበልም። ጓደኛሞች መሆናችሁን አውቃለሁ፤ ይህ ግን ውድድር ነው።»

«የኔ ነበር፣ ቲቸር። ከመጀመሪያውም የኔ ነው።»

«ማረጋገጫ አለሽ?»

ስለ ቮይሶቹ ለመናገር ቃጣት። የጠፋ ነገር ግን ማን ያምናታል? «አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። ተናግሬ ካላመኑኝ መሃል ላይ ማይኩን ያጥፉብኝ።»

ቲቸር ገብረሃና መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ሁልጊዜ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጣ ስሟ ሲጠራ እንኳን በሹክሹክታ «አቤት» የምትል ልጅ ናት። «እሺ» አሉ።

ረፍት ሲደወል ሊዲያ ከሚኒ ሚዲያው በር ላይ ቆማ ነበር። «ምን ልታቀርቢ ነው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ አገኘሽ?»

ሂባ ትናንት ቀኑን ሙሉ የምትላትን ስታዘጋጅ ነው የዋለችው። የሚያቃጥል ነገር፣ ሊዲያ ዓመቱን ሙሉ የማትረሳው ነገር። አሁን ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ማሚት የመሣሪያ ስም አይደለም» አለች። «ካዛንቺስ የነበሩ የጎረቤታችን ስም ነው። እትዬ ማሚት። መሣሪያው ፔዳል ስቲል ይባላል።»

የሊዲያ ፊት አመድ መሰለ። «አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም።»

«እና… ልትናገሪ ነው? ሂባ፣ ሙድ ይይዙብኛል! መብርሃቶም በሕይወት አይተወኝም!»

«ግቢና ራስሽ አርሚው። ማይኩን እሰጥሻለሁ። 'ተሳስቻለሁ፣ የሂባ ነበር' በያቸው፤ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ።»

ሊዲያ ወደ ክፍሉ ውስጥ አየች። ማይኩ ጠረጴዛው ላይ ነው።  «አልችልም» አለች። «በምን አፌ! በጣም ሼም ነው።»

«ቮይሶቼን ስታጠፊያቸውስ?»

ሊዲያ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ሂባ በሩን ከፍታ ገባች።

ማይኩ ከገመተችው በላይ ከባድ ነበር፤ ወይም እጇ ነው የከበደው። ቲቸር ገብረሃና ጣታቸው ማጥፊያው ላይ ሆኖ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ቀይዋ መብራት በራች።

«እንደምን… እንደምን ዋላችሁ» አለች። ጎርናና ድምፅዋ በሞንታርቦ ወጥቶ ግቢውን ዞሮ ወደ ጆሮዋ ተመለሰ። ከውጭ አንዱ «ድምፅ ጨምሪ!» አለ። ሌላው ሳቀ።  ከዚህ በኋላ ወይ መሮጥ ነው ወይ መናገር።

«ማሚት ሰው ናቸው» አለች።

ግቢው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

«ረቡዕ የሰማችሁት ጊታር ፔዳል ስቲል ነው የሚባለው። ጠረጴዛ ነው የሚመስለው፤ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት። በግራ እጅ ክሮቹ ላይ ብረት ያንሸራትታሉ፤ በእግር ፔዳል እየረገጡ፣ በጉልበት እየገፉ ክሩን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። ለዚያ ነው ድምፁ እንደ ሰው የሚሳበው። ማሚት ያልነው እኔና አባቴ ነን። እትዬ ማሚት ካዛንቺስ ጎረቤታችን ነበሩ። ሲመሽ ልጃቸውን እንዲህ ብለው ይጠሩታል…»

ይህን ለማድረግ አላሰበችም ነበር። ግን ሌላ እንዴት ይገለጻል? ትንፋሽ ሳበችና «ታዲ…ዎ…ስ!» አለች፤ ከታች ተነሥታ፣ እየሳበች፣ ጫፍ ላይ እያንቀጠቀጠች። ጎርናና ድምፅዋ ላይ ደግሞ ልክ መጣ። ወዲያው ሙዚቃውን ለቀቀችው፤ ፔዳል ስቲሉ ከተወችበት ተቀብሎ ሄደ።

ግቢው አንድ ጊዜ «ኦ!» አለ። 

ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱ መጣ። የመጀመሪያውን አልበም፣ ሽፋኑ ላይ የእንጨት አጥር ያለበትን፣ ካንትሪ ሰምተው ለማያውቁ ጋበዘች፤ ዘፋኙን ትታችሁ ከኋላው ያለውን ጊታር ብቻ ተከተሉ አለቻቸው። ሁለተኛው የአንዲት ሴት ነው፤ እሷ አንድ ስንኝ ትላለች፣ ጊታሩ ይመልስላታል፤ ስትናደዱ ስሙት፣ የሚመልስላችሁ ሰው ስታጡ። ሦስተኛው ላይ ዘፋኝ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ነው የሚጫወተው። «ይህኛውን ሌላ ነገር እየሠራችሁ አትስሙት» አለች፤ «ቁጭ ብላችሁ ስሙት።» የሊዲያን ስም አልጠራችም። ሁለት ጊዜ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሳዋለች። መጥራትም አያስፈልግም ነበር፤ ረቡዕ ማን እንደተናገረ የማያውቅ የለም።

ቲቸር ገብረሃና ማይኩን አላጠፉትም። ስትጨርስ ፍላሹን አውጥተው መለሱላት። «የዓርቡ ሰዓት ያንቺ ነው። ሊዲያን እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ» አሉ። ሌላ አልጠየቋትም።

ክፍል ውስጥ መብርሃቶም ሊዲያ ላይ ያለ ርኅራኄ ቀለደ። «ሊዲያ፣ አክስትሽ ፒያኖ ደህና ናት? አጎትሽ ከበሮስ?» ሳቁ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ አልበረደም። ሂባ አልሳቀችም። አልተከላከለችላትምም። ደብተሯ ላይ አቀረቀረች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ደስ ያለው ግን ግማሿን ብቻ ነው። ግማሿ ጓደኛዋን ያጣች ልጅ ነበረች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሊዲያ ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ ደረሰችባት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስሜን አልጠራሽም» አለች።

«አልጠራሁም።»

«ይቅርታ፣ ሂባ። ስለ ቮይሱ… ፈርቼ ነው። ከሁሉ ያ ነው የሚያሳፍረኝ። አጥፍቼ ስጨርስ አለቀስኩ፣ ከምር።»

«ችግር የለም» የሚለው ቃል ሂባ ምላስ ላይ መጣ። ሰው ይቅርታ ሲላት ሳታስበው የምትለው ነው፤ እግሯን ለረገጣትም፣ ወረፋዋን ለወሰደባትም። ዛሬ ግን አልወጣም። ችግር አለ። ችግር እያለ የለም ማለት ደከማት።

«ሰምቼሻለሁ» አለች በምትኩ።

ሊዲያ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ታፍተለትላለች። «አልበሞቹን እኮ ከምር ወድጃቸዋለሁ። ሦስተኛውን፣ የሽማግሌውን፣ ትናንት ሳልሰማው አልተኛሁም። ሌላ እንደዚያ ያለ ካለሽ… ለማንም አልናገርም። ለኔ ብቻ።»

ነበራት። አራተኛ አልበም አለ፤ ከሁሉ የምትወደው፣ በቮይስም ሆነ በማይክ ያላነሣችው። ቴሌግራም ላይ ለመላክ አንድ መንካት ነው። ሊዲያ ከምሯ እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ዓይኗ ላይ ይታያል። ዛሬ ማታ የአባቷ ጋቢና ባዶ እንደሚሆንም ታውቃለች።

«አለኝ» አለች ሂባ።

ሊዲያ ጠበቀች።

«ለጊዜው ግን የራሴ ነው።»

ሊዲያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ረዳቱ «ቄራ፣ ቄራ፣ የሞላ!» እያለ ይጣራል። ሂባ የሙሐሲንን ሚኒባስ አልጠበቀችም፤ ቢመጣ ሁለቱንም ጋቢና ነው የሚያስገባቸው። ፊት ለፊቷ የቆመው ታክሲ ውስጥ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።